ስለት ይዛችሁ ባሕር ዳር ለምትመጡ

ሰኞ፣ ጥቅምት 14

ውሃው አያልቅም። መጀመሪያ ይህን ጻፊው፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ጠዋት ከጉንደ ወይን የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ሞጣን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ጆሮዬ ድፍን አለ። ከተማው ልንገባ ስንል በመስኮቱ በኩል ሰማያዊ ነገር ታየኝ። ሰማይ ነው ብዬ ተውኩት። ኋላ ግን ሰማይ ከዛፍ በታች ምን ይሠራል ብዬ አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት ጠየቅኳት። “ጣና ነዋ አባባ” አለችኝ። የጎረቤቷን አጥር የምታሳየኝ ነው የሚመስለው። ብድግ ብዬ ተሳለምኩ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ይሳቅ። እኔ የደብረ ወርቅ ደጋ ሰው ነኝ፤ ውሃ የማውቀው በምንጭና በጎርፍ ነው። አንዱ በሬ አያጠጣ፣ ሌላው በሬ ይወስዳል። ዝም ብሎ የተኛ፣ ዳርቻው ከዓይን የሚያመልጥ ውሃ ዛሬ ገና አየሁ።

ፊደል አልቆጠርኩም። አላፍርበትም፤ እኔ ያረስኩትን ዳገት ፊደል የቆጠረ መጥቶ አላረሰልኝም። የምትጽፈው ልጄ የሺ ናት። እዚህ ባሕር ዳር ልብስ ሰፊ ናት፤ የካህን ካባና የቤተ ክርስቲያን ጥላ ሳይቀር ትሰፋለች። የስፌት መኪናዋን ስትዘጋ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ታሰፍራለች። አልጨምርም አልቀንስም ብላ ምላለች። የሰንበቴያችን ሰዎች አዝመራ ሲገባ ወደዚህ ሊመጡ አስበዋልና፣ “ቀድሜ አይቼ ምኑን እንደምታዩ፣ ከምኑ እንደምትጠነቀቁ አስጽፌ አመጣላችኋለሁ” ብያቸዋለሁ። የማይነበበውን “ይሄ ለቤት ነው” እላለሁ።

የመጣሁበት ዋናው ጉዳይ ግን ስለት ነው። አምና ሆዴን ታምሜ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ተኝቼ ሳለሁ፣ ባለቤቴ ጥሩ ጣና ላይ ላለው ለደሴቱ ገብርኤል ጥላ ተሳለች። ስለት እስኪደርስ ከአፍ አይወጣም፤ ከጥላው በቀር ምን ብላ እንደተሳለች አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እነሆ ድኛለሁ። ጥላውን የሺ ሰፍታዋለች፤ ቀይ ከፈይ ነው፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ይዞራል። ጥሩ፣ ወንዱ ልጃችን ከብቶቹን እስኪረከባት ቆይታ፣ ዓርብ ትመጣለች። ቅዳሜ ገብርኤል ነው።

እኔም ባለፈው ሰንበቴ፣ ጠላው ዞር ዞር ካለ በኋላ፣ ብድግ ብዬ “ጥሩ ደሴቱ ላይ ወጥታ፣ በገዛ እጇ ጥላውን ደጀ ሰላሙ ድረስ አስገብታ ካላስረከበች፣ እኔ ካሣ አይደለሁም!” አልኩ። ሰው እልል አለ። ጥሩ መሬት መሬት አየች። የነፍስ አባታችን መምሬ ብቻ ሳል ሳል አሉ። ብርድ መቷቸው ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 15

የሺ ሥራዋን አቆይታ ይዛኝ ወጣች። ባጃጅ የሚሏት ባለ ሦስት እግር አለች፤ ስትሳፈሩ ጋቢያችሁን ሰብስቡ፣ ጎማው ይጎትተዋል። ለነገሩ ጋቢ እዚህ ምን ያደርጋል? አገሩ ሙቀት ነው፣ ነጠላ ይበቃል። እኔ ግን ላቤ ቢወርድም አላወለቅኩም።

ወደ ውሃው ዳር በጠዋት ሂዱ። ፀሐይ ሳትበረታ ውሃው እንደተወለወለ ብረት ነው። ምንቃራቸው አቁማዳ የሚያህል ነጫጭ ወፎች በሰልፍ ይቀመጣሉ፤ ሰው ሲያዩ አይበሩም፣ ዞር ብለው ነው የሚያዩህ። ከደንገል፣ አዎ ከሣር፣ በተሠራች ታንኳ ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ እንጨት ጭኖ ይሄዳል። ሣር በውሃ ላይ፣ ሰው በሣር ላይ፣ እንጨት በሰው ጀርባ። እኔ አማተብኩለት። እሱ ያፏጫል።

ድንጋይ አየሁ ውሃው መካከል። ጥቁር፣ ልሙጥ። ድንጋዩ ተነፈሰ። ጉማሬ ነው አለችኝ የሺ። ሰንበቴዎች ሆይ፣ ድንጋይ የመሰላችሁ ላይ ሁሉ እግራችሁን አታሳርፉ።

አሣ በላሁ። ሳህኑ ላይ ዓይኑን ገልጦ የሚያየኝ ምግብ ቀርቦልኝ አያውቅም። የሺ ዓይኑን በእንጀራ ሸፈነችልኝ። ይጥማል፣ ሥጋው ለስላሳ ነው፤ ግን እያወራችሁ አትብሉት፣ እሾህ አለው። እኔ እያወራሁ በላሁ፣ አወቅኩት።

ከዚያ ድልድዩ ላይ ወሰደችኝና “ይሄ አባይ ነው” አለችኝ። “ተይ አታላግጪብኝ” አልኳት። እኔ የማውቀው አባይ ደጀን ቆመህ ቁልቁል ስታየው ጭንቅላት የሚያዞር፣ ገደል ውስጥ የሚያጓራ ነው። ጎልማሳ ሳለሁ በቅሎ እየነዳሁ ወርጄ ተሻግሬዋለሁ፤ የዚያን ቀን ጉልበቴ እስከ ማታ ሲንቀጠቀጥ ነበር። ይሄኛው ገና ከሐይቁ እየወጣ ነው። ድምፅ የለውም። ዳሩ ላይ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ድልድዩን ተደግፌ ብዙ ቆየሁ። ያን ሁሉ ተራራ የሚሰነጥቀው ይሄ ነው ወይ እያልኩ። የሺ “አባ፣ እያለቀሱ ነው?” አለችኝ። ላብ ነው አልኳት።

ይሄ ደግሞ ለቤት ነው። ከሰዓት ወደብ ወርጄ ለቅዳሜ ጀልባ ልያዝ አልኩ። ሙሉጌታ የሚባል ጀልባ ነጂ አገኘሁ፤ ጎልማሳ ነው፣ ባርኔጣው ከራሱ ይበልጣል።

“ስንት ናችሁ አባባ?”

“እኔ፣ ልጄና ባለቤቴ።”

“እሺ። እነሱ ጀልባዋ ላይ ይቆያሉ።”

“ለምን ይቆያሉ? እግር የላቸውም?”

“የወንዶች ገዳም ነው እኮ አባባ። ሴት አትረግጠውም። ድሮም እንዲሁ ነው።”

“ማን ነው የከለከለ?”

ሁለት እጁን አነሳ። “ኧረ ፋዘር፣ እኔ ሞተር ነው የምነዳ!”

መሬቱ ከሥሬ እንደ ታንኳ ተወዛወዘ። የሺን ዞሬ አየኋት። “አንቺ ታውቂ ነበር?”

“እንዴታ፣ ባሕር ዳር ይህን የማያውቅ አለ?”

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?”

“የሚያውቁ መስሎኝ ነዋ! እርስዎ የማያውቁት ነገር አለ እንዴ? ራስዎ አይደሉም እንዲህ የሚሉት?”

የኔ ልጅ ናት፤ ምላሷ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 16

ዛሬ ጾም ነው። ኪዳነ ምሕረትም ናት። በጾም አሣ ይበላል አይበላም የሚል ክርክር እዚህ አለ፤ እኔ ሽሮዬን በላሁ፣ ክርክሩን ለወደዱት ተውኩት።

የሺ “ለእማ ደውለው ይንገሯት” አለች። እንዴት አድርጌ ነው የምደውለው? ስልኩ የወንዱ ልጄ ነው። ሲደወል ድምፁን ከፍ አድርጎ ጉልቻ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ግቢው በሙሉ ተሰብስቦ ይሰማል። “ጥሩ፣ አትገቢም” ስል አገር ይሰማ? ባሏ በጉባኤ ፎክሮላት፣ ስለቷን ጀልባ ላይ ተቀምጣ ትየው? ስለቱ ባይደርስስ? በገዛ እጇ ካላስገባችው ስለት ነው ወይ? ይህን ሳስብ አድሬ ዓይኔ አብጧል።

በጀልባ ወደ ዘጌ ሄድን። ለሰንበቴ ጻፊ፦ ጀልባ ላይ መካከል ተቀመጡ። አትነሱ። ብርቱካን የመሰለ ሰደርያ ይሰጧችኋል፤ ልበሱት፣ አትኩሩ። (እኔ በጋቢዬ ላይ ለበስኩት። የሺ ፎቶ አነሳችኝ። ያንን ፎቶ ማንም አያይም።) ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ በጠዋት ሂዱ፣ በጊዜ ተመለሱ። ስትደርሱ ጀልባው ሳይታሰር አትዝለሉ። ጫማችሁ ቶሎ የሚወልቅ ይሁን፤ ደጀ ሰላም ላይ ማሰሪያ ስትፈቱ ሰው ሁሉ ጥሏችሁ ይገባል።

ዘጌ ሴትም ወንድም ይገባል። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፣ ጫካ ውስጥ ነው፤ ጦጣ ከላይ ይጮኻል። ከገባሁ በኋላ ግን ጦጣውንም ሰው ሁሉንም ረሳሁ። የመቅደሱ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ ሥዕል ነው። አንድ ወጣት አስጎብኚ ለፈረንጆች እያስረዳ ነበር፤ እኔ አስጎብኚ አላስፈለገኝም። ፊደል ላልቆጠረ የተጻፈ ግድግዳ ነው። ዮሴፍ ጉድጓድ ውስጥ፣ ሄሮድስ፣ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ፣ አንድ በአንድ አነበብኩት። የሺን ዙሪያውን እየጎተትኩ አነበብኩላት። ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ሳነብላት ሰማች። ጻድቃኑ በሙሉ ዓይን ያዩሃል፣ ኃጥአኑ በጎን። የትኛው ዓይን እኔን እንደሚያየኝ ፈልጌ ነበር።

እዚያው ቆሜ ነው ያ ሐሳብ የመጣብኝ። ለቤት ነው ይሄ። ጥሩ ውሃ አይታ አታውቅም። የትኛው ዳርቻ የትኛው እንደሆነ በምን ታውቃለች? ቅዳሜ እዚህ ባመጣትና “ገብርኤል ይሄ ነው” ብላትስ? በእጇ ታስገባለች፣ ትስማለች፣ እልል ትላለች፣ ቤታችን እንገባለን።

ይህን ስናገር የሺ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

“አልጽፍም።”

“ጻፊ። አልጨምርም አልቀንስም ብለሽ ምለሻል።”

“አባ፣ እማን ያታልሏት ይሆናል። ገብርኤልንስ?”

እስክሪብቶዋን አንስቼ ሰጠኋት። ጻፈችው ግን፤ ፊደሉ ከሌላው ጠቆር ብሎ ይታየኛል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 17

ዛሬ ደሴት የለም። ወደ ጢስ እሳት፣ ወደ አባይ ፏፏቴ ነው።

መንገዱ አቧራ ነው፣ አፍ መሸፈኛ ነጠላ ያዙ። ጉልበት ያለው በድንጋዩ ድልድይ ዞሮ ይሂድ፤ ጉልበቱ የደከመ በጀልባ ይሻገር። እኔ በድልድዩ ዞርኩ። የሺ “ሆድዎ የተሰፋ ሰው ነዎት” ትላለች። ስፌቱን አንቺ አልሰፋሽው፣ አይተረተርም አልኳት። (ጉልበቴ ግን ዳገቱ ላይ ሁለቴ አስቀምጦኛል። ይሄ ለቤት ነው።)

ከማየቴ በፊት መሬቱ በጫማዬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ከዚያ ጭስ። ውሃ ሲጨስ። አባይ እንደዚያ ዝም ብሎ ከሐይቁ የወጣው፣ እዚህ ደርሶ መሬት ከሥሩ ከዳችው። ሲወድቅ ነጭ ነው፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ ነው፤ ግን ድምፁ የጥጥ አይደለም። ጭሱ ላይ የማርያም መቀነት ተዘርግታለች፤ ሰማይ ላይ ሳይሆን እታች፣ እጅ ልትዘረጋላት የምትችልበት ቦታ። ፊቴ ረጠበ፣ ጋቢዬ ረጠበ። ተንበርክኬ ነበር፤ መቼ እንደተንበረከክሁ አላውቅም።

ከተሜዎቹ ጀርባቸውን ለፏፏቴው ሰጥተው ስልካቸውን ፊታቸው ላይ ደቅነው ይስቃሉ። እንዲህ ያለ ነገር ከኋላህ እየወደቀ ፊትህን ታያለህ? ሰንበቴዎች፣ እናንተ እንዳታደርጉት። መጀመሪያ እዩ።

ስመለስ ለየሺ “ዘጌውን ትቼዋለሁ” አልኳት። “ለምን?” አለችኝ። ያን የሚያህል ነገር ያደረገውን ይህችን በምታህል ተንኮል ለማታለል አፈርኩ። እንዲህ ግን አላልኳትም። “ሩቅ ነው” አልኳት። አሁን አስጽፌዋለሁ፣ ይበቃታል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 18

በጠዋት ብቻዬን ወደ ደሴቱ ሄድኩ። የሺ የመጨረሻውን ዘርፍ እየሰፋች ቀረች። መነኮሳቱን ልለምናቸው ነው፤ አሮጊት ናት፣ ስለት ናት፣ አንድ ቀን ናት ልላቸው።

ዳር ላይ አንድ አባት መቅጃ ይዘው ውሃ ይቀዳሉ። ጢማቸው ከኔ የባሰ ነጭ ነው። ተሳለምኩ። ነገሬን ሁሉ ዘረገፍኩት፣ ፉከራዬን ሳይቀር። አላቋረጡኝም። ከጨረስኩ በኋላ መቅጃቸውን አስቀመጡ።

“ሕጉን እኔ አላወጣሁትም ልጄ” አሉኝ። ልጄ! ይህን ሽበት ይዤ። “እናቴ አንድ ጊዜ ልታየኝ መጥታ ነበር። እዚህ ላይ ጀልባዋ ቆመች፣ እኔ እዚህ ቆምኩ።”

በመካከሉ ያለውን ውሃ አየሁት። ሁለት በሬ ጎን ለጎን የማያስተኛ ነው።

“ምን አለች?” አልኳቸው።

“ከስተሃል አለችና ዳቦ አቀበለችኝ።”

ከዚያ ወዲያ ምን ልለምን? ለእናት ያልተከፈተ ለሚስት ይከፈት ልበል? እጃቸውን ስሜ ተመለስኩ። ሙሉጌታ ሞተሩን እስኪያስነሳ ድረስ ቀና ብዬ አየሁ። መንገዱ ከውሃው ጠርዝ ጀምሮ ሽቅብ ነው፤ ድንጋይ ነው፣ ዛፉ ስለጋረደው ቤተ ክርስቲያኑ አይታይም።

ከሰዓት ጥሩን ከመናኸሪያ ተቀበልናት። ወደ ቤት ሳትገባ ሐይቁን አሳየኋት፤ እኔ የሠራሁት ይመስል እጄን ዘርግቼ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ጥሩ እህል ሲበላሽም ልጅ ሲወለድም አንድ ነገር ሳትል የማታልፍ ሴት ናት። ዛሬ ግን ውሃውን ብቻ አየች።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እሷ ቀደመች፣ “ዳገቱ እንዴት ነው? ይበረታል?” አለችኝ።

“የቱ ዳገት?”

“የደሴቱ ነዋ።”

“ሰው ይወጣዋል” አልኩ።

“ጉልበትዎስ?”

“ስለ ጉልበቴ ማን ጠየቀሽ? ስለ ራስሽ አስቢ።”

እግሬን ታያለች። ማታ እራት ላይም እግሬን ታያለች። ለመንገር ሁለት ጊዜ ጉሮሮዬን ጠራረግኩ፣ ሁለቱንም ጊዜ ውሃ አቀበለችኝ። ነገ ጀልባው ላይ ከመሳፈራችን በፊት እነግራታለሁ። ካልነገርኳት ይህንን ያነበበ ሁሉ ይታዘበኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 19

ነገርኳት።

ወደቡ ላይ፣ ጥላው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ትከሻዬ ላይ እንዳለ፣ ሰው ሁሉ ሲጋፋ፣ “ጥሩ፣ አትገቢም። ሴት አይገባም። ሳላውቅ ነው የፎከርኩት” አልኳት። ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ።

“አውቃለሁ” አለች።

“ምኑን ነው የምታውቂ?”

“ሴት እንደማይገባ። መምሬ ገና ስሳል ነግረውኛል።”

የሺ ሳቋን ለመደበቅ ጥላውን አቃናች። እኔ መምሬን፣ ሳላቸውን፣ ብርዳቸውን አሰብኩ።

“ታዲያ እንዲያ ስፎክር ምነው ዝም አልሽ?”

“ጠላ ይዘው ቆመው ሲናገሩ ማን ያስቆምዎታል? እኔስ መቼ አስገባለሁ አልኩ? ሐኪም ቤት ተጋድመው፣ ውሃ እንኳ በጥጥ ነበር የማጠጣዎ። ያን ዕለት ነው የተሳልኩት። ‘ገብርኤል፣ እኔ የማልረግጠውን ደጅህን እሱ በእግሩ ይርገጠው። ሳይደገፍ ይውጣው። ጥላህን በእጁ ያስገባልህ፣ እኔ ውሃው ላይ ሆኜ ልየው።’ እንዲህ ነው ያልኩ።”

ትናንት እግሬን የምታየው ለካ ለዚህ ነው።

የሺ ይህን ስትጽፍ “አባ ዝም ያሉበት ቀን” ብላ ከላይ ልትጽፍ ፈልጋ ከልክያታለሁ።

በዓል ስለሆነ ጀልባው ብዙ ነው። ደሴቱ ስንደርስ ወንዱ እየወረደ ሽቅብ ይሄዳል፣ ሴቶቹ ነጭ ለብሰው ጀልባዎቹ ላይ ይቀራሉ። ጀልባዎቹን ጎን ለጎን አስጠጓቸው፤ ነጠላ የተሰጣበት ሜዳ መሰለ። ጨርቁን ፈታን። ጥላው ሲዘረጋ ሴቶቹ “እሰይ!” አሉ፤ የሺ ራሷን ቀና አደረገች። ጥላ በሁለት እጅ ነው የሚያዝ። ዱላዬን ለጥሩ ሰጠኋት። ሙሉጌታ “ክንድዎን ልያዝ ፋዘር?” አለ። ጥሩ ከኔ ቀድማ “እንዳትነካው!” ብላ ጮኸችበት። ምስኪን፣ እጁ እንደተቃጠለ ወደ ኋላ ሸሸ።

ወጣሁ። እውነቱን ልናገር፣ ፉከራ ለዛሬ ይቅር። ድንጋዩ ያዳልጣል። ነፋሱ ጥላውን ወደ ውሃው ይስባል፣ እኔ ወደ ላይ። ከመንገዱ መካከል ስፌቴ ያለበት ቦታ እሳት ሆነ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። አንድ ዛፍ አጠገቤ ነበር። ትከሻዬን ላሳርፍበት ስል “ሳይደገፍ” ያለችው ትዝ አለኝ። ዛፍም መደገፍ ነው። ቆምኩ። ዝም ብዬ ቆምኩ፣ ጥላውን ይዤ፣ ሰው በግራ በቀኝ እያለፈኝ። ከታች ድምፅ የለም። ዞሬ ብመለከት እንደምወድቅ አውቄ አልዞርኩም። “ገብርኤል፣ አንተም ስማ፣ የተሳልኩት እኔ አይደለሁም፣ እሷን አታሳፍር” አልኩት። አንድ እግር። ከዚያ ሌላ እግር።

ላይ ስደርስ ትናንት ውሃ ሲቀዱ ያገኘኋቸው አባት ደጃፉ ላይ ቆመዋል። አወቁኝ። ደጃፉን ረግጬ ጥላውን በእጄ አስረከብኳቸው። እዚያ ላይ ዞርኩ። በዛፎቹ መካከል ውሃው ታየኝ፤ መጨረሻ የለውም፣ ጀልባዎቹ በእጄ የምዘግናቸው ያህላሉ። የትኛዋ ጥሩ እንደሆነች አልለየኋትም። ያን ጊዜ ከውሃው ላይ እልልታ ተነሳ። መጀመሪያ አንዲት ብቻ፣ ቀጭን፣ የተሰነጠቀ፤ በአዝመራም በሰርግም በልጅ ክርስትናም የማውቀው። ከዚያ ሌሎቹ ሁሉ ተቀበሏት። ዳገቱን ወጣ፣ በአጠገቤ አለፈ፣ ደጃፉን ገባ።

“ማን ናት የጀመረችው?” አሉኝ አባ።

“የኔ ናት” አልኳቸው።

ሲወርዱ ነው የሚያመው፣ ሲወጡ አይደለም። ይህንንም ለሰንበቴ ጻፊ።

እሑድ፣ ጥቅምት 20

ዛሬ ነገር አላስጽፍም ብዬ ነበር። ሁሉም ሰውነቴ ያመኛል፤ ጣቴን ስዘረጋ እንኳ የጥላው እንጨት አሁንም እጄ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

የቀረውን ምክር በአጭሩ ልጨርስ። ቤዛዊት የሚባል ኮረብታ አለ፤ በሰርክ ውጡ፣ ከተማውንም ሐይቁንም አባይንም አንድ ላይ ታያላችሁ። ዘንባባ ያለበት ሰፊ መንገድ አለ፤ ከሥሩ ተራመዱ፣ እንደ ጌታ ይሰማችኋል። ቀና ብላችሁ ግን አትሂዱ፣ ባጃጅ ይገጫችኋል። ወባ አለ፣ ማታ ክንዳችሁን ሸፍኑ። ሁሉን በአንድ ቀን እንይ አትበሉ፤ እኔ ብዬ ዓይኔ ደክሞኛል። ከሁሉ በላይ፣ ስለት ይዛችሁ የምትመጡ ወንዶች፣ ከመፎከራችሁ በፊት ምን ተብሎ እንደተሳለ ጠይቁ። የተሳለችው ባትነግራችሁም ጠይቁ።

ከቅዳሴ እንደወጣን ጥሩ ቀጥ ብላ ወደ ውሃው ዳር ሄደች። ትልቅ ዋርካ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ቁርስ አመጣንላት፣ እዚያው በላች። ምሳ አመጣንላት። ዘጌ ሴት ይገባል፣ ሥዕሉን ላንብብልሽ አልኳት። “ሌላ ጊዜ” አለች። ጢስ እሳት ልውሰድሽ አልኳት። “ይቆየኝ” አለች።

“እሺ ምን እያየሽ ነው?”

“ዝም ብለው አይቀመጡም?”

ተቀመጥኩ። ዝም ብዬ ተቀምጬ የማላውቅ ሰው ነኝ። መጀመሪያ ታንኳ ቆጠርኩ፣ ከዚያ ወፍ፣ ከዚያ ቁጥሩ ጠፋብኝ። ውሃው መጣ፣ ድንጋዩን ነካ፣ ተመለሰ። እንደገና መጣ። እድሜያችንን በሙሉ እኛ ዳገት ላይ ስንወጣ ስንወርድ ይሄ እዚህ እንዲህ ሲያደርግ ኖሯል። ማንም ሳያየውም ያደርገዋል። ጥሩ እጇን ዘርግታ ውሃውን ነካችና ግንባሯን አበሰች።

“ሌላም ስለት አለብሽ እንዴ?” አልኳት፣ እየፈራሁ።

“ቢኖርብኝ እነግርዎታለሁ?”

የሺ እዚሁ ዋርካው ሥር መጥታ ነው ይህን የምትጽፈው። አውቶቡሱ ነገ በማለዳ ነው። ጤፉ እየደረሰ ነው፣ ወንዱ ልጅ ብቻውን ነው። ጀንበሯ ዝቅ ብላ ውሃውን ከዳር እስከ ዳር መዳብ አድርጋዋለች፤ ወፎቹ ሁሉ በአንድ ወገን ይበራሉ፣ የት እንደሚያድሩ እነሱ ያውቃሉ።

“እንነሳ” አልኩ።

“ትንሽ” አለች።

ይህን ካለች ቆይቷል፤ አሁንም አልተነሳንም።